ለሰው የመከርነውን ራሳችን መፈጸም ለምን ያቅተናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ነርስ ነኝ። ሰፈሩ "ሲስተር" ነው የሚለኝ። ቀን ጤና ጣቢያ፣ ማታ ደግሞ በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ስመክር ነው የምውለው። "ጨው ቀንሱ"፣ "ግፊታችሁን ተለኩ"፣ "መድኃኒቱን ሲሻላችሁ አታቋርጡ"። አምና ታኅሣሥ ላይ ግን ስለ ከሰል የምሰጠውን የገዛ ምክሬን ባለመስማቴ ከነልጆቼ ልቀበር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ መድኃኒት መጠየቁን ትቶ ይሄን ይጠይቀኝ ጀመር። ለእያንዳንዱ ከምመልስ ብዬ እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት።

የከሰሉ ነገር እውነት ነው ወይስ ሰፈር ያጋነነው?

እውነት ነው። ሰፈሩ የጨመረው ትንሽ ነው።

የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጅ ያደረ የባልዲ ውሃ ጠዋት ስስ በረዶ ለብሶ ይገኛል። የዚያን ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ባለቤቴ ለሥራ ደብረ ሲና ወርዷል። ትንሹ ልጄን ጉንፋን ይዞታል። ቡና ካፈላሁ በኋላ ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል አስገባሁት። "ቤቱ ሞቅ ይበልና አወጣዋለሁ" አልኩ። በበሩ ስር የሚገባው ብርድ እግሬን ሲቆርጠኝ ደግሞ አሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ ወተፍኩበት። (ፎጣውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።) ከዚያ ጋቢዬን ተከናንቤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

የቀሰቀሰችኝ ልጄ ናት። "እማዬ፣ ራሴን" አለችኝ። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ፍሙ ላዩ ነጭ አመድ ለብሷል፣ ውስጡ ቀይ ነው። ያምራል፣ ምን ይደረግ። እየተንፏቀቅኩ ሄጄ ፎጣውን መነጨቅኩና በሩን በረገድኩት። ልጆቹን በየተራ ወደ ደጅ ጎተትኳቸው።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጎረቤቴ እማማ ለሽንት ወጥተው አዩን። "ምነው ሲስተር፣ በዚህ ውርጭ?" ነገርኳቸው። ማንደጃውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!" ብለው ገቡ። ተናድጄ ሳላበቃ ብርድ ልብስ ታቅፈው ተመለሱ።

እያወቅሽው እንዴት?

ማወቁንስ አውቃለሁ። ከፍሙ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ትንሹም ቢሆን የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። የከሰሉ ጭስ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ራስ ምታት ነው፤ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ መድከም፣ መፍዘዝ። የተኛ ሰው ይሄን ሁሉ ሳያውቀው ያልፋል።

ይሄንኑ በዚሁ ቃል ከሁለት ቀን በፊት ለእናቶች ተናግሬያለሁ። የክትባት ቀን ነበር። ክፍሉ ስለሚበርድ ግቢ ወጥተን ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እየሞቅን ነበር ያስተማርኩት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምክሩን የሰጠሁት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነው። የሚፈጸመው ግን ሌሊት፣ በብርድ፣ ልጅ እያሳለ ነው። "ማንደጃውን አውጡት" ስል እኔን አልበረደኝም ነበር።

ጆርጅ ሎውንስታይን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ስለዚህ ነገር ብዙ ጽፏል። ሰው ረጋ ባለበት ሰዓት፣ ሲርበው ወይም ሲናደድ ወይም ሲያመው ምን እንደሚያደርግ በደንብ መገመት አይችልም። ይሄ የሌላ ሰው ራብ ላይ ብቻ አይደለም፤ የራሱንም የነገ ራብ አይገምትም። ጠግቦ ከቤት የወጣ ሰው "ዛሬ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ" ሲል እንደሚቀለው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ይሄኛው ያሳፍረኛል። ማወቄ ራሱ ነው ያታለለኝ። "እኔ ምልክቱን አውቀዋለሁ፤ ራሴን ካመመኝ እነቃለሁ" ብዬ ነበር። ያላወቀች እናት ብትሆን የነገርኳትን ፈርታ ታወጣው ነበር። እኔ ግን ሕጉን ስለማስተምር ሕጉ ለሌላ ሰው የወጣ መሰለኝ።

ታዲያ ይሄ ግብዝነት አይደለም?

አንዳንዱ ነው። ያላደረገውን አደርጋለሁ እያለ፣ ሲያዝ ደግሞ የሚክድ ሰው ግብዝ ነው። እየፈለገ ያቃተው ሰው ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

በወንድምህ ዓይን ያለውን ጉድፍ አይተህ በዓይንህ ያለውን ምሰሶ አላየህም የሚለውን ጥቅስ ሁሌ ይጠቅሱብኛል። ጥሩ። ግን ሰው መጨረሻውን ሳያነብ ነው የሚዘጋው። ቃሉ አስቀድመህ ምሰሶህን አውጣ፣ ከዚያ የወንድምህን ጉድፍ ለማውጣት አጥርተህ ታያለህ ይላል። ወንድምህን ከነጉድፉ ተወው የሚል የለበትም።

በጥናት የተረጋገጠ ነገር አለ?

አለ። ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎቹን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሹን "ፍቅረኛህ ከሌላ ጋር ሄዳለች እንበል" አሏቸው። ግማሹን ደግሞ ይሄው ነገር በጓደኛቸው ላይ ደርሶ እንደሆነ እንዲያስቡ ነገሯቸው። ከዚያ ጠየቋቸው። የማላውቀው ነገር ይኖር ይሆን? ነገሩን በሌላ ወገን ማየት ይቻላል? እርቅ ይሻላል? ስለ ጓደኛ ያሰቡት ሰዎች የተሻለ አስተዋይ ሆነው ተገኙ። የራስ ሲሆን ግን ማስተዋሉ ይቀንሳል።

ስሙን የሰሎሞን ተቃርኖ አሉት። እኛ አገር ሰሎሞን ማብራሪያ አያሻውም። በአንድ ሕፃን የተጣሉትን ሁለት ሴቶች እንዴት እንደፈረደላቸው ሕፃንም ያውቃል። "ልጄ ሆይ፣ ከባዕድ ሴት ራቅ" ብሎ የመከረውም እሱው ነው። ወደ ቤቱ ስንገባ ግን 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች፣ በመጨረሻም ልቡን ወደ ጣዖት ያዘነበሉ። ልጁ ሮብዓም ደግሞ የሽማግሌዎቹን ምክር ንቆ የእኩዮቹን ሰማና መንግሥቱ ተከፈለ። የሸዋ ነገሥታት ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከሰሎሞን ነው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዘርዓ ያዕቆብም፣ በኋላ አንኮበር ላይ የነገሡትም። እንግዲህ በሽታው እዚህ አገር ቢገኝ ምን ይገርማል?

ሽማግሌዎቻችን አይቆጡኝና፣ በዚያው ጥናት ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ከ60 እስከ 80 ካሉት ጋር አስተያይተዋቸዋል። በራስ ጉዳይ ዕድሜ አላዳነም።

መፍትሔውስ? ተመራማሪዎቹ ምን አሉ?

ከራስህ ራቅ ብለህ ራስህን እንደ ሌላ ሰው ተመልከት ነው ያሉት። እንደዚያ ያደረጉት ሰዎች ለራሳቸውም ለጓደኛቸው ያህል አስተዋይ ሆኑ። አንዱ መንገድ "እኔ" ማለትን ትቶ ራስን በስም መጥራት ነው።

ይሄን አያቴ ያለ ጥናት ታደርገው ነበር። ሲከፋት ወይም ልትጣላ ስትል እንዝርቷን ይዛ ለብቻዋ "አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ተቀመጪ። ምን ቀረብሽ?" ትላለች። እኛ ልጆች አረጀች ብለን እንስቅ ነበር። አሁን እኔም በሥራ ቦታ ስናደድ መርፌ ክፍል ገብቼ "ሲስተር፣ ይህቺ ሴትዮ ተናዳ ወደ አንቺ ብትመጣ ምን ትያታለሽ?" እላለሁ። ሁለት ጊዜ ከሥራ ልለቅ ስል አትርፎኛል።

ግን ልኩን ልንገራችሁ። ለቁጣ፣ ለውሳኔ፣ ደብዳቤ ጽፎ ከመላክ በፊት ይሠራል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ለበረዳት ሴት አይሠራም። ለዚያ ሌላ ነገር ነው የሚያስፈልገው፤ ወደ ታች አለ።

ባሌ ሰው ሲያስታርቅ "ያለ ውል አታበድሩ" ይላል፤ ራሱ ግን ያለ ወረቀት ያበድራል። ምን ልበለው?

የጠየቀችኝ ሴት ባሌን የምታውቀው መስሎኝ ደንግጬ ነበር። የእኔም ባል እንደዚያው ነው።

ሰፈር ውስጥ የብድር ጠብ ሲነሳ ከሚጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ፍርዱ አንድ ነው፦ "ውል የታለ? ምስክር የታለ?" አንድ የካቲት የአጎቱ ልጅ መጣ። ለፋሲካ በግ አድልቦ ሊሸጥ ነው። ሁለት ወር ሥጋ ያልቀመሰ አገር ፋሲካ ሲደርስ ምን ያህል በግ እንደሚፈልግ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የመንዝ በግ ደግሞ ገበያ አያጣም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ባሌ 30 ሺህ ብር ቆጥሮ ሰጠው። ቡና እያፈላሁ በዓይኔ ጠቀስኩት። ወረቀት? አልጠየቀም። ሲወጣ "ወንድሜን ወረቀት ልበለው?" አለኝ።

የገንዘቡ ግማሽ ተመለሰ። ግማሹ እስከ ዛሬ የለም። ከዚያ በላይ የሚያመኝ ግን ሁለቱ ሰርግ ላይ ሲገናኙ ስለ ዝናብ ብቻ ማውራታቸው ነው።

ባሌን ሞኝ አትበሉት። ለሰው ሲመክር ይሉኝታ የለበትም። የሚያየው አበዳሪና ተበዳሪ ነው። በራሱ ቤት ግን እየበላ ያለ የአጎት ልጅ ነው ፊቱ የተቀመጠው፤ እናቱ ያሳደጉት ልጅ። ምክራችን ውስጥ ይሉኝታን ቆጥረን አናስገባም። ስለዚህ ለባልሽ "ውል አጻፍ" አትበይው፤ እሱን ከአንቺ በላይ ያውቀዋል። ይሉኝታውን የምትሸከሚለት አንቺ ሁኚ። እኛ ቤት አሁን ብድር ሲጠየቅ "ገንዘቡ በሲስተር እጅ ነው፣ እሷ ያለ ወረቀት አትሰጥም" ይላል። ስሜ ጠፍቷል። ብሩ ግን አለ።

ቄሱ ራሳቸው የማያደርጉትን ሲመክሩኝ ልቀበል?

ምክሩ ትክክል ከሆነ አዎ። "የሚናገሩትን አድርጉ፣ እንደ ሥራቸው ግን አታድርጉ" የሚለውን የተናገረው ጌታ ነው።

ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ቄስም የነፍስ አባት አለው። ለራሱ የነፍስ አባት የሚሆን ቄስ የለም። ሽማግሌም ከሚስቱ ሲጣላ ሌላ ሽማግሌ ነው የሚገባው። አባቶቻችን ሰው ለራሱ መምከር እንደማይችል ቀድመው የገባቸው ይመስላል። ሐኪምም ለራሱ ልጅ መድኃኒት ከመጻፍ ለባልደረባው ቢያሳይ የሚመረጠው ለዚሁ ነው።

ባለቤቴ ሌላውን "መጠጥ ተው" እያለ ይመክራል፤ እሱ ግን አረቄ ቤት ነው የሚያመሸው።

ይሄን ከሌሎቹ ጋር አልደባልቀውም። በእኛ አገር ብርድ አረቄ እንደ መድኃኒት ነው የሚታየው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ግን ጉዳዩ ከቃል መጠበቅ አልፏል። "ከነገ ጀምሮ ተው!" ብላችሁም አታስገድዱት። ብዙ የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እስከ መጣል የሚያደርስ ሕመም ሊገጥመው ይችላል። ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ። ሌላውን ሰው መምከሩ ግን ተስፋ ነው፤ ቢያንስ ነገሩ ገብቶታል።

ጠንካራ ልብ ካለ አይበቃም?

አይበቃም። ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣም፤ መንዝ ሂዱ።

የጓሳ ሜዳን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የሚታይበት ደጋ ነው። ለአካባቢው ሰው ግን ጓሳ ማለት መጀመሪያ ሳሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ያለ ልክ ከታጨደ እንደሚያልቅ ሁሉም ሰው ያውቃል። ግን ክረምት ሲመጣ የሚያፈሰው የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ጣሪያ ነው። "ሁላችሁም በልክ እጨዱ" ብሎ መምከር በቂ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ባላስፈለገ ነበር። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያደረጉት ሜዳውን መዝጋት ነው። አንዳንዴ 3፣ አንዳንዴ 5 ዓመት ይዘጋል። ሲከፈት አብሮ ይገባል፣ ሲዘጋ አብሮ ይወጣል። ጠባቂም ቅጣትም ነበረው። ማንም ማለዳ ተነስቶ "ዛሬ ልጨድ ወይስ ልተው?" ብሎ ከልቡ ጋር አይሟገትም። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ የቆየው ሥርዓት ተዳከመና ሜዳው ተጎዳ። የሰዉ እውቀት ያው ነበር።

እቁብም ይሄው ነው። "ቆጥቡ" የሚል ምክር ያልሰማ ሰው የለም። ብቻውን መቆጠብ ያልቻለ ግን እቁብ ሲገባ ይቆጥባል። ዳኛው ይጠብቀዋላ።

እኛ ቤት ያደረግነው ይሄንኑ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ አስቀድሞ መወሰን ከደፈናው "እሞክራለሁ" እንደሚሻል አሳይቷል። የእኛው እንዲህ ነው፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ማንደጃው ይወጣል። ብርድ ቢሆንም፣ እንግዳ ቢኖርም፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ቢሆንም። ዳኛዋ ልጄ ናት። 12 ዓመቷ ነው፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

እኔ ያልተውኩትን ልጄን "ተው" ማለት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ግን ውድቀታችሁን አብራችሁ ንገሩት።

በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ የነኤሊየት አሮንሰን ጥናት አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ውሃ ጠፍቶ "ቆጥቡ" የሚባልበት ጊዜ። ከዩኒቨርሲቲ መዋኛ የሚወጡ ሴቶችን ሌላው ሰው ውሃ እንዲቆጥብ በሚያሳስብ ጽሑፍ ላይ አስፈረሟቸው። ከእነሱም ለአንዳንዶቹ ራሳቸው ውሃ ያባከኑባቸውን ጊዜያት በጥያቄ አስታወሷቸው። ከዚያ ገላቸውን ሲታጠቡ ሰዓት ያዙባቸው። መክረውም ጥፋታቸውንም ያስታወሱት ቶሎ ጨርሰው ወጡ።

እኔም አይቼዋለሁ። ከዚያ ሌሊት በኋላ በነበረው የክትባት ቀን ስለ ሄሞግሎቢን ማውራቱን ትቼ ስለ ፎጣው ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። "ሲስተርም!" አሉ። ከዚያ አንዷ ልጇን እያጠባች ጠየቀችኝ፦ "እሺ ፎጣውን ከነቀልሽ በኋላ ብርዱን በምን ያዝሽው?" ስንት ዓመት ስለ ከሰል ሳስተምር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሚበርዳቸው መሆኑን እኔም አልጠየቅኳቸውም። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት ያወራነው ስለ ብርድ ነው። ልጆችን በአንድ አልጋ ማስተኛት፣ ከመኝታ በፊት ሙቅ ውሃ በጀሪካን ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ስር ማድረግ፣ መኝታውን ከበሩ ማራቅ። ጀሪካኑን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። (ክዳኑን ጠበቅ አድርጉ።)

ጎረቤቴ ራሷ የማታደርገውን ስትመክረኝ ዝም ልበል?

"አንቺስ እንዴት ቻልሽው?" በያት። ወይ የሚጠቅም ነገር ትነግርሻለች፣ ወይ ትስቃላችሁ።

አሁን ማንደጃው የት ነው ያለው?

ደጅ። ባለፈው ሳምንት ግን ዝናብ ጥሎ ቤቱ ጥሩ ሞቆ ነበር። 2 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። "አንድ አፍታ፣ ይቺን ስኒ ልጨርስ" አልኩ። ልጄ መልስ አልሰጠችኝም። ማንደጃውን በሁለት ጨርቅ ያዘችና በሩን በእግሯ ገፍታ ወጣች። ስትመለስ ስኒዬን አየችና "በርዷል?" አለችኝ።